ኤሊፍ አማርኛ ከተናገረች ወዲህ

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር በአዲስ አበባ የብዙ ቤት የእራት ሰዓት ተዛወረ። ቀድሞ ወጡ ሲደርስ ይበላ ነበር። በኋላ ግን ወጡም ባልየውም «ጥቁር ፍቅር» የተባለው ወደ አማርኛ የተመለሰ የቱርክ ድራማ እስኪያልቅ መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። የኢስታንቡሉ ፖሊስ ኦመርና ጌጣጌጥ የምትነድፈው ኤሊፍ እንደ አራዳ ልጅ አማርኛ ሲቀባበሉ የሰሙ አንዲት አያት «እነዚህ ደግሞ የማን ልጆች ናቸው? ንግግራቸው እንዴት ያምራል!» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ኦመር ሽጉጥ መዞ እንኳ ግስ አይስትም።

የቱርክ ድራማ ኢትዮጵያዊ ቤት መግባት የጀመረው ግን በቃና አይደለም። ኤም ቢ ሲ የተባለው የዓረብ ጣቢያ «ጉሙሽ» የተሰኘውን የቱርክ ድራማ በሶርያ ዓረብኛ አስተርጉሞ «ኑር» በሚል ስም አሳይቶት ነበር። በ2000 ዓ.ም የተላለፈውን የመጨረሻ ክፍል 85 ሚሊዮን ሰው እንዳየው ጣቢያው ተናግሯል። ከዚያ ተመልካች መካከል ቤይሩት፣ ጅዳና ኩዌት ውስጥ ከእመቤታቸው ሶፋ ኋላ ቆመው፣ ሽንኩርት እየላጡ የተከታተሉ የኢትዮጵያ ልጆች ነበሩበት። ወደ አገር ሲመለሱ ዓረብኛውን ከሻንጣው ጋር ይዘው መጡ። ዲሽ በተተከለበት ግቢ ሁሉ አንዲት የቤይሩት ተመላሽ ያለ ደመወዝ አስተርጓሚ ሆና ተሾመች።

«ምን አለ?»

«እወድሻለሁ አለ።»

«ይሄን ሁሉ ተናግሮ?»

«ሌላው ስድብ ነው፣ ልጆች አሉ።»

«ኑር» ላይ ሙሐነድ ተብሎ የዓረቡን ዓለም ያስለቀሰው ተዋናይ ኪቫንች ታትሊቱግ ነው። ይኸው ሰው ከዓመታት በኋላ በቃና «ኩዚ ጉኒ» ላይ ብቅ ሲል በየቤቱ ጠብ ተነሣ። ተመላሿ «ይሄ እኮ ሙሐነድ ነው!» ትላለች፤ የቤቱ ሰው «ኧረ ተይ፣ ኩዚ ነው» ይላል። «ታዲያ ድምፁን ምን ነካው?» ብላ ታዝናለች። ሰውየው በአንድ ፊት ሶርያዊም አዲስ አበቤም ሆኖ ሲናገር ኖረ፤ ከተከራካሪዎቹ ውስጥ የገዛ ድምፁን የሰማ ግን አንድም አልነበረም።

የአገር ውስጥ የፊልም ባለሙያዎች ቃናን ሲቃወሙ ካነሧቸው ነገሮች አንዱ እንጀራቸው፣ ሌላው ባህል ነበር። ባዕድ ድራማ ባህላችንን ይበርዘዋል ተባለ። ስለ እንጀራቸው የተናገሩት እውነት ነበረበት፤ ተተርጉሞ የመጣ ድራማ እዚህ ከባዶ ተጽፎ ከሚቀረጽ ድራማ እንደሚረክስ ለማወቅ ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። የባህሉን ክስ ግን ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠው ሰው ሊቀበለው አልቻለም። የሚያየው ነገር አላስቻለውም።

በድራማው አንድ የቱርክ ወንድ ልጅ ትዳር ሲያስብ ቤተሰቡ ለባብሶ፣ አበባና ቸኮላት ይዞ ወደ ልጅቷ ቤት ይሄዳል። ትልቅየው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ የፈጣሪን ስም አስቀድሞ ልጅቷን ይጠይቃል። የልጅቷ አባት ወዲያው እሺ አይልም፤ ያቀረቅራል፣ ያስባል፣ ያስጨንቃል። «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ከማለት በቀር ከሽምግልናው ምን ጎደለ? ልጅቷም ቡና አፍልታ ትመጣለች። በልማዱ መሠረት የሙሽራው ሲኒ ውስጥ የሚገባው ስኳር ሳይሆን ጨው ነው። ልጁ ፊቱን ሳያጨማድድ ከጨለጠው ትዕግሥተኛ ባል ይወጣዋል ይባላል። ይህ ትዕይንት በመጣ ቁጥር ልጆቹ ይንከተከታሉ፤ ዕድሜያቸውን በገጠር ያሳለፉት እናት ግን ምኑ እንደሚያስቅ አይገባቸውም። እሳቸው ቡና በጨው ሲጠጡ ኖረዋል። ትዕግሥተኛ ብሎ ያደነቃቸው ግን የለም።

የኢስታንቡሉ ድራማ በየቤቱ የተወደደበት ምሥጢር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሰዎቹ ይጣላሉ፣ ይታኮሳሉ፣ ኩባንያ ይነጣጠቃሉ፤ ግን አማት አለቻቸው፣ ይሉኝታ አለባቸው፣ ትልቅ ሰው ሲገባ ይነሣሉ።

ጉድለቱ ርዝመቱ ነው። ቱርክ ውስጥ አንዱ ሳምንታዊ ክፍል ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ወደ ውጭ ሲሸጥ ይቆራረጥና አንዱ ክፍል ሁለት ሦስት ይወጣዋል። «ኩዚ ጉኒ» በአገሩ 80 ክፍል ነበረው፤ ተቆራርጦ በየማታው ሲቀርብ ወራት ይወስዳል። ይህን ሁሉ ሰዓት በንግግር መሙላት የሚችል ደራሲ ስለሌለ የሚሞላው በመተያየት ነው። ወንዱ ያያታል። ሴቷ ታየዋለች። ሙዚቃው ይነሣል። እናት ተነሥተው ጎመኑን አማስለው፣ ደጃፍ ድረስ ጎረቤት ሸኝተው፣ ከበሩ ላይም አንድ የሰፈር ወሬ ጨርሰው ሲመለሱ ሁለቱ እዚያው ናቸው።

«እስካሁን አልተነጋገሩም?»

«ገና ናቸው እማዬ።»

የመጨረሻዋ ልጅ በዚህ ትበሳጫለች። የእሷ አገር ኮሪያ ነው። እ.ኤ.አ በ2021 የወጣውን «ስኩዊድ ጌም» ለእናቷ ስታሳይ ትልቁ መከራከሪያዋ የመጀመሪያው ምዕራፍ 9 ክፍል ብቻ መሆኑ ነበር። በዕዳ የተዘፈቁ 456 ሰዎች የልጆች ጨዋታ ይጫወታሉ፤ የተሸነፈ ይገደላል። እናት የመጀመሪያውን ክፍል በጸጥታ አይተው ፍርዳቸውን ሰጡ፦ «ዕዳ ላለበት ሰው ሽማግሌ ይላክበታል እንጂ እንዲህ ይደረጋል?» ሁለተኛውን ክፍል አላዩትም።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ፣ የኢትዮጵያ ፊልም ታሪኩን የጀመረው በጥያቄ ነው። በ1957 ዓ.ም የታየው የመጀመሪያው ረጅም ልብ ወለድ ፊልም ርእሱ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት መንግሥት ተለዋወጠ፤ ደራሲዎቹ ግን የአባትየውን ጉዳይ እስከ ዛሬ አልቋጩትም። በየድራማው አንድ ሰው አባቱን ይፈልጋል። አንዷ እጮኛዋ ወንድሟ ሆኖ ይገኛል። በሠርጉ ዋዜማ አንዲት አሮጊት ከየት መጡ ሳይባሉ ደርሰው «ይሄ ጋብቻ አይሆንም!» ይላሉ። የቤቱ ትልቅ ልጅ በሦስተኛው ክፍል ላይ «ወንድሟ ነው» ብሎ ይተነብያል። ሰው ነቢይ ነው ይለዋል፤ እሱ ግን የሚያውቀው ደራሲዎቹን ብቻ ነው።

ይህም ቢሆን ይታለፋል። የማይታለፈው የስልኩ ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የደወለ ሰው «ደህና ነህ? ሰላም ነው? ልጆች? ሥራ እንዴት ነው? ጠፋህ እኮ!» ሳይል ወደ ጉዳዩ አይገባም። ጨርሶም «እሺ፣ እሺ፣ በቃ ቻው፣ እሺ፣ ሰላም በልልኝ፣ ቻው» ሳይል አይዘጋም። የፊልሙ ባለታሪክ ግን ስልኩን አንሥቶ «ምን?! መጣሁ!» ይልና ይዘጋል። የት እንደሚመጣ አልጠየቀም፤ ማን እንደደወለም አልተነገረውም። ዘሎ መኪናው ውስጥ ይገባል። መኪና የሌለው ባለታሪክ በአማርኛ ፊልም እምብዛም አይገኝም፤ ሚኒባስ ሲጠብቅ፣ «ሞልቷል» ሲባል፣ ተሰልፎ ሲቆም የታየም ጥቂት ነው። የቦሌ መንገድ ላይ ከእሱ በቀር ነጂ የለም። ጭንቅንቁ ሁሉ ለፊልሙ ሲባል አንድ ቀን እረፍት የወጣ ይመስላል።

ከስልኩ የሚብሰው ጁሱ ነው። ወንዱና ሴቷ ካፌ ይገናኛሉ። ሁለት ስፕሪስ ይመጣል፤ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው ከላይ፣ ሎሚው ከጠርዙ ላይ። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ይጣላሉ። ሴቷ ቦርሳዋን አንሥታ ትሄዳለች፤ ወንዱ ይከተላታል። ጁሱን የነካው የለም፤ ሒሳብ የከፈለም የለም። በዚህ ጊዜ ሳሎኑ ውስጥ ስለ ፍቅራቸው የሚያዝን ሰው አይገኝም። ሁሉም ዓይኑን ብርጭቆው ላይ ተክሎ ዋጋውን ያሰላል።

ተመልካቹ እንዲህ ነገር ፈላጊ ይሁን እንጂ ሲያምን ደግሞ አጥብቆ ያምናል። ለዚህ «ሰው ለሰው»ን ማስታወስ ይበቃል። በኢቲቪ ሲታይ የነበረው ያ ድራማ ብዙ ገጸ ባሕርያት ነበሩት፤ ሰው የያዘው ግን አስናቀን ነው። አንጋፋው አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ክፉ ነበር፤ ክፋቱ ግን ከጩኸት ሳይሆን ከእርጋታ የሚመጣ ነበር። በሌሎች ፊልሞች ውስጥ ያለው ክፉ ሰው የውስኪ ብርጭቆ ይዞ ብቻውን ይስቃል፤ ለምን እንደሚስቅ እሱም አያውቅም። አስናቀ ግን ቢሮ አለው፣ ቀጠሮ አለው፣ ምክንያት አለው። ተመልካቹ እየረገመው ይጠብቀዋል። ሳይታይ የቀረበት ሳምንት ድራማው ጨው ያጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርካታ ተከታታይ ድራማዎች መጥተዋል፤ በመጥፎ ሰው በኩል አስናቀን የተካ ግን እስካሁን ብቅ አላለም። መልከ መልካም ጀግና በየማስታወቂያው ይገኛል። ጥሩ ክፉ ሰው ነው ብርቁ።

በውጭ አገር የተሸለሙት ፊልሞችስ? የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትን፣ በዓመቱ ደግሞ የአፍሪካውን የፊልም ፌስቲቫል የፌስፓኮን ትልቁን ሽልማት ወስዷል። የዘረሰናይ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት አግኝቷል። ሁለቱም እንደገና ቢታዩ የማያሰለቹ ሥራዎች ናቸው። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» እ.ኤ.አ በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ በይፋዊው ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ታሪኩ ለበዓል እንዳትታረድበት በጉን ለማዳን ስለሚታገል ኤፍሬም ስለሚባል ልጅ ነው። በጓ ቹኒ ትባላለች። ፊልሙ ግሩም ነው፤ መልክዓ ምድሩም ልብ ይነካል። ካን ላይ ሰው ስለ ቹኒ ሲጨነቅ፣ አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ግን አባወራው ዘንበል ብሎ «ይቺ በግ ዛሬ ስንት ታወጣለች?» ማለቱ አይቀርም። ኤፍሬምን ቢወደውም እንኳ ይጠይቃል።

ስለ ማስታወቂያ ሳይነሣ የድራማ ወግ አይሞላም። አንድ ጊዜ ድራማው በቢራ ይከፈትና በቢራ ይዘጋ ነበር። መሐል ላይ እናትየው ልጇ ሞቶባት ስታለቅስ እንኳ ጓደኛሞች ጠርሙስ እያጋጩ ይስቁ ነበር። በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ሲከለክል ለቅሶው ቢያንስ ከሞቅታ ዳነ። የጣቢያዎቹ ሒሳብ ክፍል ግን ለብቻው አለቀሰ።

የቅርብ ጊዜዎቹን ለማወዳደር ያህል ሁለት ሥራዎችን ማንሣት ተገቢ ነው። አንዱ በአርትስ ቴሌቪዥን የታየው «እረኛዬ» ነው። የጻፉት ሦስት ሴቶች ናቸው፤ አዜብ ወርቁ፣ ቤዛ ኃይሉና ቅድስት ይልማ። ድራማው ወደ ገጠር ሲወርድ ሰዎቹ በወጉ ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ ዝምታቸውም ከመተያየት ያለፈ ትርጉም አለው። ንግግሩን ሰው ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ የጻፈው አይመስልም። ሌላው በፋና ቴሌቪዥን ይታይ የነበረው፣ በኃይሉ ዋሴ የጻፈው «ምን ልታዘዝ» ነው። ቦታው አንድ ካፌ ብቻ ነው፤ ቀልዱ ግን ከካፌው አልፎ ባለሥልጣኑንም ተራውንም ሰው ይነካል፤ ሲነካም አያብራራም። ፖለቲካውን ለተመልካቹ ትቶ ትዕዛዙን ይቀበላል። ለዓመታት ካፌ ውስጥ ሲቀረጹ ከኖሩት ፊልሞች ሁሉ ካፌውን በትክክል ያየው እሱ ነው። አስተናጋጅ አለ፣ ባለቤት አለ፣ የሚታዘዝ ነገር አለ፣ ሒሳብም አለ።

የዚህ ወግ ፍርድ አጭር ነው። ከቱርኮቹ ይልቅ ባህል ያስረሳው ጉዳዩን በሁለት ቃል ጨርሶ ስልክ የሚዘጋው የአገር ውስጥ ጀግና ነው። ስለዚህ ለድራማ ደራሲዎችና አዘጋጆች ትንሽ ልመና አለ። ቢቻል ክፉው ሰው ምክንያት ይኑረው። እሱ ቢከብድ እንኳ፣ በሚቀጥለው ሥራችሁ ካፌ ውስጥ የምትቀርጹት ትዕይንት ካለ ጁሱ ይጠጣ፤ አስተናጋጇም ሒሳቧን ትቀበል።