ሳልነካው የማውቀው ራይዘን

የማልገዛውን ዕቃ የማወዳደር አመል አለብኝ። አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ እስከ ሴቻ የኢንቴልንና የኤኤምዲን ፉክክር ያልሰበክሁበት ቡና ቤት ካለ ገና ያልተከፈተ ነው። ራሴ የሰው ማመልከቻ የምጽፍባት ዴስክቶፕ ግን ኮር ቱ ዱዎ ናት። ጠዋት አብርቻት ቁርሴን በልቼ እመለሳለሁ፤ ያኔም ተነሥታ አትጠብቀኝም።

ከሁሉ የምወደው ጨዋታ ራይዘን 5 5600 ከኮር አይ ፋይቭ 12400 ጋር ነው። ሁለቱም የወጡት እ.ኤ.አ. በ2022 ነው፤ ሁለቱም 6 ኮርና 12 ትሬድ አላቸው፤ ከፍተኛ ፍጥነታቸውም እኩል 4.4 ጊጋኸርዝ። ጤነኛ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው የረከሰውን መግዛት ነው» ብሎ ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። እኔ ወገን ይዤ ሁለተኛ ቡና አዝዛለሁ። ወገኔ ኤኤምዲ ነው። ድሮ ፔንቲየም 4 በጊጋኸርዙ ብዛት ሲፎክር፣ በቁጥር ከሱ ዝቅ ያለው አትሎን 64 በብዙ ሥራ እንደሚቀድመው አንብቤ ለተበደለ ዘመድ እንደሚታዘን አዘንኩለት። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 ባለ 4 ጊጋኸርዙን ፔንቲየም ሲሰርዝም ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። አትሎን በእጄ ነክቼ ግን አላውቅም።

የእህቴ ልጅ አርክቴክቸር ትማራለች። እህቴ ከላንቴ ሙዟ ያጠራቀመችውን ብር ይዛ መጣችና «አንተ ታውቃለህ፣ ምረጥላት» አለችኝ። አቤት ደስታ! የሲኒቤንች ውጤቶችን በቃሌ አወረድኳቸው። ልጅቷ «አጎቴ፣ እኔ እኮ በብዛት የምሠራው በአውቶካድ ነው» ብትል ማን ሰምቷት። አውቶካድ አብዛኛውን ሥራውን በአንድ ኮር እንደሚሠራ፣ ያ ሁሉ ኮር ተባብሮ የሚያስመዘግበው ትልቅ ቁጥር ለእሷ ብዙም እንደማይፈይድ አውቅ ነበር። ቁጥሩ አማረኝና ዘለልኩት።

ራይዘኑ ተገዛ። ገጣጥሜ ሳበራው ፋኑ ዞረ፤ ስክሪኑ ግን ጨለማ። ገመድ ቀየርኩ። ራሙን ነቅዬ መለስኩ። የመብራቱን መዋዠቅ ረገምኩ። በመጨረሻ «ይሄ የቆላ ሙቀት ነው፤ ጨንቻ ብንሆን ይነሣ ነበር» አልኩ፤ ማሽኑ ከተከፈተ ገና ደቂቃ አልሞላውም። ልጅቷ ስልኳ ላይ ጥቂት አነበበችና «አጎቴ፣ ይሄ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም። ካርድ ካልተገዛለት ምስል አይሰጥም። 12400 ግን ነበረው» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እናቷ እንዳትሰማ።

እናቷ ሰማች። ስለ ራይዘኑ 32 ሜጋባይት ካሽ ብዙ ቀን ሰብኬያለሁ፤ ስክሪን ማብራት አለመቻሉ ግን ከአንደበቴ ወጥቶ አያውቅም።

ለካርዱ ሌላ ዙር ሙዝ ተሸጠ። ሰው ቢሆን ያፍር ነበር፤ እኔ ግን ኤንቪዲያ ይሻላል ወይስ ራዲየን የሚለውን ክርክር ለመጀመር ጉሮሮዬን ስጠርግ እህቴ በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገረችኝ። እዚህ አይጻፍም።

ልጅቷ በዚያው ሰሞን የእኔንም ዴስክቶፕ አየችልኝ። የሚያንቀራፍፋት ከፕሮሰሰሯ ይልቅ ያረጀው ሃርድ ዲስኳ ነው አለች። ስለዚህ ሲቀላም ሆነ ሴቻ ርካሽ ኤስኤስዲ ያላችሁ እባካችሁ አሳውቁኝ። የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ግን አትንገሩኝ።