የድንክ ጽጌረዳ ሎሌ

መተማ ዮሐንስ ስሟ ከንጉሥ ነው። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ለሞት የቆሰሉባት ምድር ናት። እንዲህ ባለ አገር አርጅቼ ዛሬ ሥራህ ምንድን ነው ብትሉኝ፣ ስንዝር ለማትሞላ ጽጌረዳ ጥላ መዘርጋት ነው።

ያመጣችብኝ ምራቴ ናት። «አባባ፣ ድንክ ናት፤ አታስቸግርዎትም» ብላ አስቀምጣልኝ በማግስቱ ወደ ጎንደሯ ተመለሰች። ድንክነቷን እኔም አይቻለሁ። ጎንደር እኮ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ እኛ 700 አካባቢ ነን። በጭልጋ በኩል በአንድ ቀን አውርደው የመጋቢትን ሐሩር ቢያቀምሷት አትቆጣ? የአገራችን ጽጌረዳ ቀጋ እንኳ ደጋውን ይዞ ተቀምጧል፤ እሱ ብልህ ነው።

ቀለሙስ ቢሆን! ለምራቴ ጥቁር ቀይ ያልሆነ ጽጌረዳ ጽጌረዳ አይደለም። በእኛ ፀሐይ ጥቁር ቀይ አበባ በፈነዳ በማግስቱ ጫፉ ያርራል። ነጭ ወይም ፈዛዛ ሮዝ ይሻላል ብላት «ነጭማ የቄስ ጥምጣም ይመስላል» አለችኝ። የቄስ ጥምጣም ምን አደረጋት?

አፈሩም ሌላ ጣጣ ነው። ሰሊጥና ማሽላ የሚያበቅል ጥቁር ዋልካ በደጃችን ሞልቷል፤ እመቤቲቱ ግን አልወደደችውም። ዋልካ በክረምት ውሃ ቋጥሮ ሥሯን ያበሰብሳል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ይበጥሰዋል። ስለዚህ በስተርጅና ከወንዝ አሸዋ እያስመጣሁ፣ የቆየ የከብት ፍግ እየነፋሁ እቀይጥላታለሁ። ጎረቤቴ የእሱን በዘይት ቆርቆሮ ተክሎ ፀሐይ ላይ አቆማት፤ ቆርቆሮው ግሎ ሥሯን ጠበሰው። የሸክላ ማሰሮ ታቹን ብሳና ትከል ብዬው ነበር። ሽማግሌ ማን ይሰማል! ከማሰሮው ሥር ሰሀን ማኖርም አይሆንም፤ የቆመ ውሃ ትንኝ ያፈላል፣ ትንኝ ደግሞ በመተማ አልጎደለንም።

ውሃ ስታጠጣ ቅጠሏን አታርስ ይሉኛል። ሐሩሩ ሲበረታ በዓይን በጭንቅ የምትታይ ተባይ ከቅጠሉ ታች ድር ታደራለች፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቅጠሉን ከታች በውሃ እጠብ ይሉኛል። የቱን ልስማ? በማለዳ አጥባታለሁ፣ ፀሐይዋ ታደርቃታለች፤ በዚህ ታርቀናል። ከቀትር በኋላ በማዳበሪያ ከረጢት እጋርዳታለሁ። የደረቀ አበባዋን ስቆርጥ ሌላ ታወጣለች፤ ሌላ ባወጣች ቁጥር ሌላ ውሃ ትጠይቃለች።

ልጄ ሊያጽናናኝ ራልፍ ሙር ስለሚባል አሜሪካዊ ያወራልኛል። ሰውዬው በካሊፎርኒያ፣ ቪሳሊያ በምትባል ሞቃት ከተማ ዕድሜውን ድንክ ጽጌረዳ ሲያዳቅል ኖሮ በ2009 እ.ኤ.አ. በ102 ዓመቱ ነው ያረፈው። «አየህ አባባ፣ ዕድሜ ትሰጣለች» ይለኛል። ይስጠው! እሱ ቧንቧ ከፍቶ ነበር የሚያጠጣው፣ እኔ በጀሪካን ገዝቼ።

ደግሞ የሻጮቹ ተንኮል! አንድ የመሰለችኝ ድንክ ለካ ማሰሮዋ ሞልቶ እንዲታይ ብዙ ቁራጭ ታጭቆ የተተከለባት ኖራለች። እርስ በርስ ሲሻሙ አላስችል ቢለኝ በኅዳር፣ አየሩ ሲለዝብ፣ ለያይቼ ተከልኳቸው። አሁን እያንዳንዷ ማሰሮ ትፈልጋለች። ይባስ ብሎ ከግንዳቸው ቆርጠው ቢተክሉት ሥር ይሰድዳል መባሉ በሰፈሩ ተሰማ። ቡና ሊጠጣ የመጣ ሁሉ ዓይኑ ከስኒው ይልቅ ወደ ማሰሮዎቹ ሆኗል።

ምራቴ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀው ጽጌረዳዋን ነው። ጉልበቴ ወረፋ ይጠብቃል። ለፋሲካ ደግሞ ቢጫ ይዤ እመጣለሁ ብላለች። የት ልታስቀምጣት እንደሆነ እንጃ፤ ከጥላው ሥር የቀረው ቦታ የእኔ ወንበር ያለበት ነው።