ለክቡር ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ፣ ባሉበት

ለ፦ ክቡር ሪሙቭ ዱፕሊኬትስ
ኤክሴል፣ የዳታ ክፍል
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሰው መቀነስን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ተደጋጋሚ ረድፍ እየለዩ ሊሰርዙ ከኤክሴል 2007 ጀምሮ በሹመትዎ ላይ ያሉ፣ ጉቦ የማያውቁ፣ የአበልጅ ፊት የማያዩ ባለሥልጣን ነዎት። እኛ ዋጎች እንዲህ ያለ ሹም ስንመኝ ኖረናል። ልማታዊ ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ፣ በክፉ ዓመትም የአስቸኳይ ጊዜ ዕርዳታው ሲጨመር፣ ከሰቆጣ ዙሪያ እስከ ሳህላ ሰየምት የአንድ ቤት ስንዴ የሚወሰነው ስሙ የተረጂዎች ዝርዝር ላይ በመኖሩ ነው። በሰኔ 2015 ዩኤስኤአይዲና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ዕርዳታው ካለቦታው እየዋለ ነው ብለው በመላ አገሪቱ ሥርጭት ባቆሙ ጊዜማ፣ «ዝርዝሩ ይጥራ» የማይል አልነበረም። ማን ያጥራው ሲባል፣ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ!

ችግሩ ከፊደላችን ጋር አለመተዋወቅዎ ነው። የጎጥ ተጠሪው «ቄስ ገብረ መድኅን» ብሎ ያስመዘግባል፤ የቀበሌው ጸሐፊ መስመሩ አልበቃ ሲለው «ገ/መድህን» ይላል፤ ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ልጅ ደግሞ «ገብረመድህን» ብሎ ይገጥመዋል። እርስዎ ሦስቱንም እጅ ነስተው ያሳልፋሉ። ሦስትም አንድም መሆን ለሥላሴ እንጂ ለቀበሌ ነዋሪ ተፈቅዶ አያውቅም ነበር። ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ እና ንጉሡ ሠ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ ለእኛ ጆሮ አንድ ናቸው፤ ለእርስዎ ግን የማይተዋወቁ ባዕዳን። ከስም ኋላ የተረሳች ባዶ ቦታ እንኳ አዲስ ሰው ትወልድልዎታለች። ሰውስ ይቅር፣ ፃግብጂና ጻግብጂ ሁለት ወረዳ፣ ዋግ ኽምራ፣ ዋግ ህምራና ዋግኽምራ ሦስት ዞን ሆነውልዎታል። የዋግ ገዥ የነበሩት ዋግሹሞችም በደጉ ዘመናቸው ይህን ያህል ግዛት አላገኙም።

ማብዛትዎ ስንዴ ቢያባክን ነው። መቀነስዎ ግን ሰው ያስርባል። አንዱ ባለሙያ የስም ዓምዱን ብቻ መርጦ ሲጫንዎ፣ ደሃና ያለው ካሳ እና ዝቋላ ያለው ካሳ የአባታቸው ስም ከገጠመ አንድ ሰው ይሆናሉ። ከላይ የተጻፈው ይቀራል፤ ከታች ያለው ከነረድፉ፣ ከነቤተሰቡ ብዛት ይጠፋል። ከዚያ ይህን ያህል ተደጋጋሚ ተገኝቶ ተወገደ፣ ይህን ያህል ቀረ ብለው ቁጥር ይነግሩናል። ማን እንደተወገደ ግን ትንፍሽ አይሉም። እኛ ዘንድ የሞተ እንኳ መርዶ ይነገርለታል።

ከሁሉ የከፋው ከሲኤስቪ ጋር ሲገጥሙ ነው። ሲኤስቪ ምስኪን ፋይል ነው፤ ጽሑፍና ኮማ እንጂ ቀለም የለው፣ ቀመር የለው። ግን ፊደሉ በምን ኮድ እንደተጻፈ በላዩ አይናገርም። ግዕዙ ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ፣ ማለትም ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፏል። ያም ሆኖ ሰውየው «ሴቭ አዝ» ብሎ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ሲኤስቪ ትቶ ተራውን ከመረጠ፣ ፋይሉ ተዘግቶ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይጠብቀዋል። አልማዝ አበራ «???? ???» ሆናለች። ዘነበች ሲሳይም «???? ???»። ብርሃኑ ካሣዬም ያው «???? ???»። ይኼኔ እርስዎ ይጠራሉ። ሦስቱን አይተው፣ አንድ ናቸው ብለው ፈርደው፣ ሁለቱን ይሰርዛሉ። ስሙ ባለ አራት፣ የአባቱ ስም ባለ ሦስት ፊደል የሆነ የወረዳው ሕዝብ በሙሉ አንድ ሰው ሆኖ ይሰለፋል ማለት ነው።

ስም ካስቸገረ በቁጥር ይሁን ቢባልም አልተመቸንም። የስልኩን መነሻ ዜሮ ኤክሴል ይቆርጣታል፤ በ09 የተጻፈውና በ+251 የተጻፈው ያንድ ሰው ስልክ ሁለት ይሆናል። ፋይዳ ካርድ ላይ ያለውን 16 አሃዝ እንደ ቁጥር ካስገቡት፣ ከ15 በላይ ስለማይዝ የመጨረሻዋን ዜሮ ያደርጋታል። ጥቅምት 30 የተወለደ ልጅ በ30/02 ሲጻፍ ደግሞ፣ የፈረንጅ የካቲት 30 ስለሌላት፣ ልደቱ ቀን መሆኑ ቀርቶ ተራ ጽሑፍ ይሆናል። ፈረንጆቹም አላመለጡም፤ በ2020 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጤና መሥሪያ ቤት ከ65,536 ረድፍ በላይ በማይችለው በአሮጌው የኤክሴል ፋይል፣ በኤክስኤልኤስ፣ የኮቪድ ውጤት ሲያከማች፣ 15,841 ታማሚዎች በጊዜው ሳይቆጠሩ ቀርተዋል።

ከሹመትዎ ይውረዱ አላልንም። ነገር ግን ፊደሉን አንድ የሚያደርግ፣ ገ/ን ወደ ገብረ የሚመልስ፣ ባዶውን የሚጠርግ ሰው ይቅደምዎ። የእናት ስምና ጎጥ ይጨመር። ስልክና ፋይዳ ከመጀመሪያው በጽሑፍ መልክ ይያዙ፤ ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ። የጠረጠሩትንም ከመሰረዝ ይልቅ ቀለም ብቻ ይቀቡልን፣ ዝርዝሩ ጎጥ ወርዶ በአደባባይ ይነበብ። ቄስ ገብረ መድኅን ሦስተኛ ጊዜ ሲጠሩ የሚሆነውን ሳቅ ያያሉ። «ያ ካሳ እኔ አይደለሁም» የሚልም ከሰው መሐል እጁን ያወጣል።

ከሰላምታ ጋር፣
ከታች የተጻፈው ካሳ
ዝቋላ

ግልባጭ፦
ለላይኛው ካሳ፣ ደሃና (ስንዴው ደርሶህ ከሆነ የእኔን አቆይልኝ)