የድሮዋ አስቴር ትመለስልን

ከጎንደር ተነስቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚገባ ሚኒባስ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። አዲስ አልበም ግን ይህን ያህል ርቀት የመሄድ ዕድል የለውም። ሾፌሩ ፍላሹን ይሰካል፣ መግቢያው ሙዚቃ ይጀምራል፣ ዘፋኟ ገና አፏን ሳትከፍት ከኋላ ወንበር ፍርድ ይወርዳል። «ወንድምዓለም፣ ይቺ ምንድን ናት? የድሮዋን አድርግልን እንጂ!» ሾፌሩም ሰው አክባሪ ነውና ይለውጣል። ይግባኝ የለም። አስቴር አወቀ በ2013 (እ.አ.አ.) ካወጣችው «እወድሃለሁ» እስከ 2019ኙ «ጨዋ» ድረስ ስድስት ዓመት አልፏል። ስድስት ዓመት የተጠበቀው ሥራ አምባ ጊዮርጊስ ሳይደርስ ከመኪና ወረደ።

ይህ ችሎታ ሊደነቅ ይገባዋል። በሌላው ዓለም ያለ የሙዚቃ ሐያሲ ምስኪን ነው፤ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ይሰማል፣ ደግሞ ይሰማል፣ ግጥሙን ከዜማው ይለያል፣ ከዚያ ፈራ ተባ እያለ ይጽፋል። የወገራና የስሜን አድማጭ ከዚህ ሁሉ ልፋት ነፃ ነው። መስማት ፍርድን እንደሚያዛባ ቀድሞ ገብቶታል።

አስቴር ጎንደር መወለዷ ደግሞ ጉዳዩን የቤተሰብ ያደርገዋል። ቤተሰብ እንደሆነ ሲገሥጽ ማስረጃ አያቀርብም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.አ.አ.) ወደ አሜሪካ ሄደች፤ «አስቴር» በ1989፣ «ካቡ» በ1991 ወጡ፤ እነዚህ ዛሬ የማይነኩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ በእነሱ ይለካል። በ2010 የጋይንቱን የጨጨሆን ስም ይዞ የወጣው አልበም እንኳ በአገር ልጅነት ምሕረት አላገኘም፤ «ካቡን አይደርስበትም» ተባለ። አሁን እነዚያው ሰዎች አዲሱን ሲያወግዙ ምን ብለው ይማላሉ? በጨጨሆ። አንድ አልበም ከውግዘት ወደ ቅርስነት ለመሸጋገር አሥር ዓመት ገደማ ይበቃዋል፤ በመካከሉ የተለወጠ አንድም ኖታ የለም።

የሚናፈቀው የድሮ ድምፅ ራሱ ግን ትንሽ ምርመራ ይፈልጋል። ያኔ ገጠር ከተማ ይደርስ የነበረው ካሴት በአብዛኛው ዋናው አልነበረም። ከዋናው የተቀዳ፣ ከተቀዳው ደግሞ ጎረቤት የቀዳው ነበር። ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው፤ ድንጋዩ ሲደክም ዘፈኑ ይጎተታል፣ የሴቷ ድምፅ ወፍሮ ወደ ወንድ ይጠጋል። ባለቤቱ ድንጋዩን በጥርሱ ነከስ ነከስ አድርጎ ወይም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ሁለት ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራበታል። ቴፑ ክሩን ሲበላው በእስክሪብቶ ይጠመጠማል፤ ከተበጠሰም በፕላስተር ይጣበቃል፤ በዚያ ቦታ አስቴር ግማሽ ስንኝ ዘላ ትሄዳለች። ያደገው ጆሮ ይቺን አስቴር ነው የሚያውቀው። ዛሬ በንጹሕ ስቱዲዮ ተቀርጻ ስትመጣ ታዲያ እንግዳ ብትሆንበት ምን ይገርማል? መፍትሔው ቀላል ነው። የስቱዲዮው ባለሙያ አልበሙን ቀርጾ ሲጨርስ አራት ያለቀላቸው ባትሪ ድንጋዮች፣ አንድ እስክሪብቶና አንድ ጥቅል ፕላስተር ይሰጠው፤ ሌላው የድሮ ጣዕም በራሱ ይመጣል።

ለዚያ ካሴት የተከፈለው የማስቀጃ ዋጋ ነበር። ከእሱ ለዘፋኟ የደረሰ ሳንቲም የለም፤ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 እንኳ የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው። ይህ ግን «እኛ ነን ያሳደግናት» ከማለት አያግድም።

እርግጥ ቅሬታው ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሳክስፎንና ትራምፔት ቀርቶ ሁሉም ነገር ከአንድ ኪቦርድ ሲወጣ ዘፈኑ ይሳሳል። ብቻ ይህን ለማወቅ ቢያንስ አራተኛው ዘፈን ላይ መድረስ ያስፈልጋል፤ ሚኒባሱ ደግሞ እስከዚያ አይታገሥም።

ኪቦርድ ከተነሣ ኃይሉ መርጊያን ማንሣት ግድ ነው። የዋልያስ ባንዱ ሰው በ1985 (እ.አ.አ.) ዋሽንግተን ላይ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አጣምሮ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ዓመታት አለፉት፤ እሱም ታክሲ መንዳት ያዘ። በኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ከሚገኝ ሙዚቃ ቤት አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመው። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ወጣ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። የአገሩ አድማጭስ? ቀድሞ ያውቀው ነበር! ሁልጊዜም ያደንቀው ነበር! ባሕር ዳር መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ የተቀመጠው፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት ስላልነካው መሆን አለበት።

የቴዲ አፍሮ ጉዳይ ባሰ። «ያስተሰርያል» በ1997 ዓ.ም. ወጣ፤ «ጥቁር ሰው» በ2004 ለፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ «ያስተሰርያል ይሻላል» ተባለ፤ «ኢትዮጵያ» በሚያዝያ 2009 ሲመጣ ተረኛው የተሻለ «ጥቁር ሰው» ሆነ። አልበሙ የቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጣ፤ ቢልቦርድ ግን ዳባት ላይ ፌርማታ የለውም። በዚያ ላይ ከዘፈኖቹ አንዱ ስለ አፄ ቴዎድሮስ ነው። ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው በ1847 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ደረስጌ ማርያም፣ እዚሁ ስሜን ውስጥ ነውና፣ በዚህ አገር ስለ ቴዎድሮስ የሚዘፍን ሰው ከሙዚቃ ፈተና በፊት የታሪክ ፈተና ይቀመጣል። ፈታኙም ብዙ ነው።

ነገሩ የስሜን ብቻ አይደለም። ቦብ ዲላን በ1966 (እ.አ.አ.) ማንችስተር ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ቢወጣ፣ አንድ አድናቂ «ይሁዳ!» ብሎ ጮኸበት። ያ ሰው የአምባ ጊዮርጊስን ሚኒባስ ቢሳፈር የፊት ወንበር ይለቀቅለት ነበር።

ማሕሙድ አሕመድ ግን ብልሃቱን አገኘ። በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ ውስጥ፣ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኖት፣ መድረኩን ተሰናበተ። አዳራሹ አለቀሰ፤ በስልክ የተከታተለውም አለቀሰ። ለዓመታት «አሁንስ ቢያርፍ ምናለ» ሲል የኖረው አድናቂም ዕንባውን ጠርጎ ሳይጨርስ አዲስ ጥያቄ ያዘ፤ ምነው አንድ አልበም እንኳ ጨምሮልን ቢሄድ?