ውዳሴ ስረዛ

ስለ ጉዞ ጥበብ የጻፉ ሰዎች መርከብን፣ ባቡርንና የጄት ሞተርን በየተራ አወድሰዋል፤ የዘመኑ የአየር ትራንስፖርት ካፈራቸው ግኝቶች ሁሉ የሚልቀውን፣ ያለ ነዳጅ፣ ያለ አብራሪና ያለ አውሮፕላን ገንዘብ ይዞ መቆየት የሚያስችለውን የበረራ ስረዛ ግን እስካሁን በሚገባው ማዕርግ ያመሰገነው የለም። ይህ ጽሑፍ ያንን የታሪክ በደል በመጠኑ ለመካስ የተዘጋጀ ነው።

የስረዛ ጥበብ ከፍ ወዳለ ደረጃ የደረሰው ርካሽ አየር መንገዶች በሚባሉት ድርጅቶች እጅ ነው። ርካሽ አየር መንገድ ማለት የመነሻ ዋጋውን ወደ ታች አውርዶ፣ ቀድሞ በአንድ ቲኬት ይጠቃለሉ የነበሩትን አገልግሎቶች እየነጣጠለ የሚሸጥ ድርጅት ነው። በቅርጫ ሥጋ የገባ ሰው ከየብልቱ ድርሻው ይደርሰዋል፤ በእነዚህ አውሮፕላኖች የገባ ሰው ግን ለሻንጣው ለብቻ፣ ለመስኮት ወንበሩ ለብቻ፣ ብዙ ጊዜም ለሚጠጣው ውኃ ለብቻ ይከፍላል። በዚህ ረጅም የዋጋ ዝርዝር ውስጥ ተጨማሪ ሒሳብ ሳይጠየቅበት ለሁሉም በእኩልነት የሚታደል አንድ አገልግሎት ቢኖር ስረዛው ብቻ ነው። አሠራሩ አውሮፕላንን ከታች ሆኖ ሲያይ የኖረውን ሰው ወደ ሰማይ ማውጣቱ አይካድም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በረራ እንደ ጀመረውና ወደ አዲስ አበባም እንደሚመላለሰው ፍላይዱባይ ያሉ ድርጅቶች በሌላ ዋጋ መብረር ለማይችሉ ብዙ ሺህ ሰዎች መንገድ ከፍተዋል። ምስጋናው ለመውጣቱ ነው፤ እዚህ የሚመረመረው ሳይወጡ መቅረት ነው።

የጥበቡ መሠረት በተሳፋሪውና በአጓጓዡ መካከል ያለው ውል የተለያየ ክብደት ያለው መሆኑ ነው። ተሳፋሪው ከመግቢያው መዘጋት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ዘግይቶ ቢደርስ «ኖ ሾው» ማለትም «ሳይቀርብ የቀረ» ተብሎ ይመዘገባል፤ ልጁ ታሞ ይሁን መንገድ ተዘግቶ፣ ርካሹ ቲኬት የማይመለስ ስለሆነ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል። አውሮፕላኑ ራሱ ሳይቀርብ የቀረ እንደ ሆነ ግን እንዲህ ያለ ሻካራ ስም አይወጣለትም፤ «በኦፕሬሽናል ምክንያት በረራው መሰረዙን እየገለጽን ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚል አጭር መልእክት ወደ ተሳፋሪው ስልክ ይላካል። ኦፕሬሽናል ምክንያት ማለት ከድርጅቱ ከራሱ አሠራር የመነጨ ምክንያት ማለት ነው፤ በቀጥታ ሲነገር «ጥፋቱ የእኛ ነው» ማለት ሊሆን ይችላል፤ በዚህ መልክ ሲነገር ግን ማንም ጠያቂ ደፍሮ የማይገባበት ምሥጢር ይሆናል።

በዚህ ጥበብ ሊቀ ሊቃውንት የሚባለው የአየርላንዱ ራያንኤር ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 ድርጅቱ የአብራሪዎቹን የዓመት ዕረፍት ፕሮግራም ስላዛባ ወደ 2,100 የሚጠጉ በረራዎችን ሰርዞ 315 ሺህ ያህል ሰዎችን መሬት ላይ አስቀረ፤ ወሩ ሳያልቅም ለአውሮፓ የብርድ ወራት ሌላ 18 ሺህ በረራ በመሰረዝ 400 ሺህ ተሳፋሪዎችን አከለላቸው። ማዕበል አልተነሣም፣ ጦርነት አልተከፈተም፤ የተፈጠረው ነገር ሠራተኛ ዕረፍት መውጣቱ ብቻ ነበር። የብሪታንያ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ጣልቃ የገባው በስረዛው ምክንያት ሳይሆን፣ ድርጅቱ ተሳፋሪዎቹን በሌላ አየር መንገድም ቢሆን አሳፍሮ የማድረስ ግዴታ እንዳለበት በግልጽ አልነገራቸውም በሚል ነበር፤ በሕግ እርምጃ ካስፈራራው በኋላ ተነገራቸው። መብት መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ ባለመብቱ መብቱን እንዳያውቅ በጥንቃቄ መጠበቅ ደግሞ ሌላ፣ የበለጠ ሙያ የሚጠይቅ ነገር ነው።

አውሮፓውያን ይህን ሙያ ለመቅጣት ያወጡት ሕግ ቁጥር 261/2004 ይባላል። በዚህ ሕግ መሠረት በረራው የተሰረዘበት ተሳፋሪ የቲኬቱን ገንዘብ ወይም ሌላ በረራ ይመርጣል፤ ስረዛው ከጉዞው ከ14 ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ የተነገረው ከሆነ ከዚያም በላይ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሣ ይታሰብለታል፤ እስኪሳፈር ድረስ ምግብ፣ ካስፈለገም ሆቴል ይቀርብለታል። ሕግ አውጪዎቹ ተሳፋሪው ሁለት ስልክ የመደወል ወይም ቴሌክስ የመላክ መብት እንዲኖረውም ደንግገዋል፤ በ21ኛው መቶ ዘመን በአውሮፕላን ማረፊያ ቴሌክስ የሚልክ መንገደኛ ቢገኝ ካሣ ሳይሆን ሐውልት ይገባው ነበር። ከካሣው የሚያድነው በር «ልዩ ሁኔታ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም አየር መንገዱ የሚቻለውን ሁሉ ቢያደርግ እንኳ ሊያስቀረው የማይችለው ነገር ማለት ነው። የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 በአሊታሊያ ጉዳይ ተራ የቴክኒክ ብልሽት በዚህ በር እንደማያልፍ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ2010 የአይስላንዱ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን ሰማይ በአመድ በዘጋ ጊዜ ደግሞ ራያንኤር ለተጉላላች አንዲት ተሳፋሪው ምግብና ሆቴል የመክፈል ግዴታ እንደሌለበት ሲከራከር፣ እሳተ ገሞራው ተራ ልዩ ሳይሆን «እጅግ ልዩ» ሁኔታ ነው አለ። ፍርድ ቤቱ በ2013 በሰጠው ፍርድ እሳተ ገሞራ ከካሣ ቢያድንም ከእራት እንደማያድን ገለጸ፤ ከልዩ በላይ የሆነ ልዩ የሚባል መደብ በሕጉ ውስጥ አላገኘምና።

ይህ ሕግ ለኢትዮጵያዊ ተሳፋሪ የሚሠራበት መንገድ የራሱ ውበት አለው። ከአውሮፓ ኅብረት አገር የሚነሣ በረራ ሁሉ የየትም አገር አየር መንገድ ቢሆን በሕጉ ይገዛል፤ ከሌላ አገር ወደ ኅብረቱ የሚሄደው ግን አየር መንገዱ የኅብረቱ ካልሆነ አይገዛም። ስለዚህ ከፍራንክፈርት ወደ ቦሌ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ሊመለስ ቲኬት የያዘ ሰው በረራው ያለ በቂ ምክንያት ቢሰረዝ የ600 ዩሮ ክብር አለው፤ ያው ሰው፣ በዚያው አየር መንገድ፣ ያንኑ ሻንጣ ይዞ ከቦሌ ወደ ፍራንክፈርት ሲነሣ ቢሰረዝበት ግን በዚህ ሕግ ፊት ባዶ እጁን ነው። የሰው ልጅ ክብር እንደ አፍንጫው አቅጣጫ እንደሚለዋወጥ ከዚህ በተሻለ ያስረዳ ፈላስፋ የለም።

ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት ይህን ክፍተት ይሞላል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። ስምምነቱ በዓለም አቀፍ በረራ መዘግየት ለደረሰ ጉዳት አጓጓዡን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ጣሪያውም ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 6,303 ልዩ የገንዘብ ማውጫ መብት፣ ማለትም የዓለም የገንዘብ ድርጅት በሚጠቀምበት መቁጠሪያ የሚሰላ ሆኗል። ተሳፋሪው ጉዳቱን በማስረጃ ማሳየት አለበት፤ አጓጓዡ በበኩሉ ተገቢውን እርምጃ ሁሉ መውሰዱን ካስረዳ ነጻ ይወጣል። ስምምነቱ ስለ መዘግየት ሲናገር ጨርሶ ስላለመብረር ግን በግልጽ አይናገርም፤ ከዚህም የተነሣ አርፍዶ የደረሰው አየር መንገድ ሲጠየቅ፣ ፈጽሞ ያልተነሣው «እኔ መቼ ዘገየሁ» ብሎ ለመከራከር ቀዳዳ ያገኛል።

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚበረው ሰው ከአገር ስለማይወጣ ስምምነቱ አያገኘውም። እሱን የሚያገኘው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነው፤ አዲሱ የንግድ ሕግ አዋጅ ቁጥር 1243/2013 አንዳንድ መጻሕፍትን ሲተካ የማጓጓዣውን መጽሐፍ ባለበት ትቶታልና፣ ጄት አውሮፕላን ገና ብርቅ በነበረበት ዘመን የተጻፈው ቃል ዛሬም ይገዛል። በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም አለ። አንቀጽ 1792 ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል ማለት ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና ግዴታውን እንዳይፈጽም ፍጹም የሚከለክለው ድንገተኛ ነገር መሆኑን ይተረጉማል፤ ተከታዩ አንቀጽ የመንግሥት ክልከላን፣ የተፈጥሮ አደጋንና ጦርነትን በምሳሌነት ይጠራል፤ አንቀጽ 1794 ደግሞ በባለዕዳው ድርጅት የተነሣን የሥራ ማቆም አድማ ከዚህ ዝርዝር ያወጣል። «ኦፕሬሽናል» የሚለው ቃል በሦስቱም አንቀጾች ውስጥ አይገኝም። ሕግ አርቃቂዎቹ ይህን ታላቅ ሐሳብ ሳያውቁት ማለፋቸው ያሳዝናል።

እውነተኛ ምክንያት የለም ማለት ግን አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ ወደ ክልሉ ከተሞች የሚደረጉ በረራዎች ተቋርጠዋል፤ በዚያ ሰዓት አውሮፕላን ይነሣ ብሎ የሚከራከር ጤነኛ የለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ ቦይንግ 737 በሁለቱም ሞተሮቹ የርግብ መንጋ ገብቶበት ወድቆ 35 ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያ ቀን በኋላ ለደኅንነት ሲባል የቀረን በረራ ማሾፊያ ማድረግ ነውር ነው። አየር መንገዱ መብረር በማይገባው ጊዜ እንዳይበር ሁሉም ፈቅዶለታል፤ ያልበረረበትን ዋጋ ይዞ እንዲቆይ የፈቀደለት ማን እንደ ሆነ ግን አይታወቅም።

የተባሉት ሕጎች ሁሉ ሲጻፉ የደቅ ሰው በማንም አእምሮ አልነበረም። ደቅ በጣና ላይ ካሉት ደሴቶች ትልቁ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ የሚገኘውም በዚሁ ደሴት ዳርቻ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በደቅና በቁንዝላ በኩል እስከ ጎርጎራ የሚዘልቀው የሕዝብ ጀልባ ለብዙ ዓመታት የሚመላለሰው በሳምንት አንድ ጊዜ ነበር። አውሮፓ የተሳፋሪን ጉዳት በሰዓት ይለካል፤ ሦስት ሰዓት የዘገየ ሰው ካሣ ይገባዋል ይላል። በደቅ መለኪያው ሌላ ነው፤ ወደ ዓረብ አገር ሥራ የምትሄድ ልጅ በረራዋ እንዳያመልጣት ቀናት ቀድማ በጀልባ ትሻገራለች፣ ባሕር ዳር አልጋ ትይዛለች፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወይም ከ500 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ የአስፋልት መንገድ አዲስ አበባ ትደርሳለች፣ ከቦሌም በርካሹ አየር መንገድ ትሳፈራለች። ርካሽ አየር መንገድ ብዙውን ጊዜ ቲኬት የሚሸጠው ከነጥብ ወደ ነጥብ ነው፤ ማለትም ከቀደመውም ሆነ ከሚቀጥለው ጉዞ ጋር ጉዳይ የለውም። የመጀመሪያው በረራ ተሰርዞ ሁለተኛው ቢያመልጣት፣ የቪዛዋ ቀን ቢያልፍ፣ የተመላሽ ጀልባ እስኪገኝ ባሕር ዳር ብትከርም፣ በውሉ መሠረት እነዚህ ሁሉ የግል ጉዳይዋ ናቸው። በውኃ ተከቦ የመወለድን ጥፋት ለአየር መንገድ ማስተላለፍ አይቻልም።

በዚያው ሐይቅ ላይ ከደንገል በተሠራ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ማዕበል ሲነሣ አይወጣም። ይሁንና ሳይቀዝፍ የተቀበለውን ሒሳብ ይዞ «በኦፕሬሽናል ምክንያት» ሲል ተሰምቶ አያውቅም፤ ኋላ ቀር ቴክኖሎጂ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ጥበቡ የሚጠናቀቀው በቫውቸር ነው። ቫውቸር ማለት በገንዘብ ፈንታ የሚሰጥ፣ ወደፊት በዚያው ድርጅት ብቻ፣ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለሚደረግ ጉዞ የሚያገለግል የዱቤ ወረቀት ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት ለዚህ ወረቀት የተነገረ ይመስላል፤ ላሚቱ በእርግጥ በሰማይ ትበራለችና። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ብዙ አየር መንገዶች ላም አደሉ፤ አሜሪካኖቹ ግን ተረቱን ስለማያውቁት ይመስላል፣ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤታቸው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ፍሮንቲየር የተባለውን ርካሽ አየር መንገድ 222 ሚሊዮን ዶላር ለተሳፋሪዎቹ በገንዘብ እንዲመልስ አደረገው፤ 2.2 ሚሊዮን ዶላር መቀጫም ጨመረበት።

የአገሩ ተሳፋሪ እንዲህ ያለ መሥሪያ ቤት እስኪያገኝ ድረስ በእጁ ያለውን ይጠቀም። የስረዛውን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ «ኦፕሬሽናል» የሚል መልስ ቢሰጠው ያንኑ ወረቀት ይያዘው፣ ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል አልነበረም ብሎ ለመከራከር ጥሩ ማስረጃ ሊሆነው ይችላልና። የአልጋውን፣ የጀልባውንና የአውቶቡሱን ደረሰኝ አይጣል። ቫውቸር ሲዘረጋለት ገንዘቡን እንደሚፈልግ ይናገር፤ የማጓጓዣው ልዩ ሕግ ባልሸፈነው ሁሉ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1815 የፈረሰ ውል ተዋዋዮች በተቻለ መጠን ውሉ ከመደረጉ በፊት ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ ያዛል፤ ይህም ሕግ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይሰረዝ እየተሠራበት ነው።