ጭቃ ሹም በሚኒሶታ

እስቲ እናንተ ዕድሜ የጠገባችሁ ፍረዱኝ! ልጄ ጋ ሚኒሶታ ከመጣሁ ወዲህ መኪና ማቆም ቅኔ ከመቁጠር ብሶብኛል። መጀመሪያ ሚኒያፖሊስ ነበርን። በረዶ ሲበዛ ከተማው አዋጅ ያስነግራል፦ በመጀመሪያው ሌሊት ዋና ዋናው ጎዳና ላይ አታቁም፣ በማግሥቱ በሌላው ጎዳና ሙሉ ቁጥር ቤቶች ባሉበት ወገን አታቁም፣ በሠልስቱ ደግሞ ጎዶሎው ወገን። ለቅሶ ነው እንዴ ሠልስት የሚቆጠርለት?

ሽሽት ገጠር ብንወጣ የካውንቲው መንገድ ባሰ፤ በረዶ ሲጠረግ ጭራሽ አታቁም! ጠራጊው መኪና በጎኑ ክንፍ የመሰለ አካፋ አለው፤ የቆመ መኪና ሲያገኝ ዞሮ ያልፋል፣ የተረፈው ክምር አድሮ ድንጋይ ይሆናል፣ ነው የሚሉት። «በረዶ» ማለታቸውም ያናድደኛል፤ የአባቶቻችን ስሙ አመዳይ ነው። ስሙን የማያውቅ እንዴት ይጠርገዋል?

ባለፈው ታኅሣሥ የልጄን መኪና ለአንዲት ሌሊት፣ ለአንዲት ሌሊት ብቻ፣ መንገድ ዳር ባቆማት ጎትተው ወሰዷት። መንዝ ሳለሁ ፈረሴን ያሻኝ ቦታ አስር ነበር፤ ማን ይነካዋል? አላፊ አግዳሚው ሣር ያበላልኝ ነበር እንጂ። በረዶውም ጨዋ ነበር፤ ቢጥል እንኳ ሰው ሳያስቸግር በረፋዱ ቀልጦ መንገዱን ይለቃል።

የዚህ አገር ጠራጊ ግን መንገዱን አጽድቶ ቁልሉን የእኔ ደጃፍ ላይ ጥሎት ይፈተለካል። ወደ መንገዱ ልመልሰው አካፋ ባነሣ፣ ልጄ «አባዬ፣ በሕግ ክልክል ነው!» አለችኝ። እሱ ሲያመጣው ሥራ፣ እኔ ስመልሰው ወንጀል!

ደግሞ ጠራጊውን ክርስትና ያነሡታል! በነሱ አቆጣጠር በ2021 የግዛቲቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሕዝቡን ድምፅ አሰጥቶ አንዱን ጠራጊ «ፕላዊ ማክፕላውፌስ» አሰኘው። ወይ ዘመን! የፈረስ ስም እነ አባ ታጠቅ፣ እነ አባ ዳኘው ነበሩ፤ የንጉሥ ናቸው። ለጭነት መኪና ስም ማውጣት ግን ቂልነት ነው።

በጃንሆይ ዘመን ጭቃ ሹም ሳለሁ እንዲህ ያለ ግፍ አይታወቅም ነበር። መንገድ ላይ ከብቱን ያቆመውን እዚያው ብር እቀጣዋለሁ፤ አልከፍልም ካለ በሬውን እነዳበታለሁ። ሥርዓት ነበራ!

አሁን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ጋቢዬን ደርቤ መስኮቱ ሥር ተቀምጫለሁ። ወትሮ በዚህ ሰዓት ደርሶ እጄን አውለበልብለት ነበር። አባ ጥረገው ዛሬ ምን ነካው?