ቅኔውም ከመቶ ይታረም

የምሥራቅ ጎጃም የቅኔ ጉባኤ ቤቶች አንድ ከባድ ጉድለት አለባቸው፤ ነጥብ አይሰጡም። ከቢቸና እስከ ሞጣ፣ ከዲማ እስከ መርጡለ ማርያም፣ ተማሪው ጫካ ገብቶ፣ ዛፍ ተጠግቶ ቅኔውን ሲቆጥር ይውልና መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩም ያደምጥና ያርማል፦ ይህ ቤት አይመታም፤ እዚህ ላይ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም፤ ይኸኛው ምሥጢር የለውም። የሰመረ እንደሆነ «ይበል!» ይባላል፤ በቃ። ከአሥር ስንት? ከመቶ ስንት? ከአምናው በስንት ይበልጣል? የሚጠይቅም የሚመልስም የለም። ሥራውን «ቆጠራ» እያሉ ሲጠሩት ኖረው አንዲት ቁጥር እንኳ አለመጻፋቸው የሚያሳዝን ነው። የሠለጠነው ዓለም ግን ይህን ችግር ከፈታው ቆይቷል፤ የፈታውም በቪዲዮ ጌም ሂስ ነው።

የጌም ሐያስያን ሠላሳና አርባ ሰዓት የሚፈጀውን፣ ዜማና ሥዕል፣ ታሪክና ብልሃት የተሸመነበትን ሥራ በአንዲት ቁጥር አጥፈው ያስረክቡናል። የሚዛናቸው ብዛት ያስቀናል። የጃፓኑ ፋሚትሱ መጽሔት አራት ሐያስያን ያስቀምጣል፤ እያንዳንዳቸው ከ10 ይሰጡና ድምሩ ከ40 ይታሰባል። የመጀመሪያውን ሙሉ 40 ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው «ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ኦካሪና ኦፍ ታይም» ነው። አይ.ጂ.ኤን. የተባለው የጌም ድረ ገጽ ለብዙ ዓመታት አንዱን ነጥብ ለአሥር ይከፍል ነበር፤ በ8.3 እና በ8.4 መካከል ያለው ገደል ወለል ብሎ ይታየው ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ግን ሙሉ ቁጥር ይበቃኛል ብሎ ገደሉን በአንድ ቀን ደለደለው። ዩሮጌመር የተባለው ሌላ ድረ ገጽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ቁጥርን እርም ብሎ በቃል መፍረድ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 አምስት ኮከብ ይዞ ተመለሰ። የቁጥር ሱስ እንደ ጫት ሱስ ነው፤ የተወው ሰው ሁሉ አልተገላገለም።

የዚህ ሥልጣኔ ጉልላት ሜታክሪቲክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሐያስያኑን ኮከብ፣ ፊደልና ቁጥር ሁሉ ወደ መቶ እየመነዘረ አማካዩን ያወጣል። ለአንዱ ሐያሲ ድምፅ ከሌላው የበለጠ ክብደት ይሰጣል፤ ለማን ስንት እንደሚሰጥ ግን አይናገርም። እንግዲህ ይህን በረከት ለሞጣም እናምጣላት። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ የየራሳቸው መንገድ ያላቸው የቅኔ ቤቶች ናቸው። አንድ መወድስ በሦስቱም መምህራን ፊት ይነገርና የዋሸራው 91፣ የጎንጁ 62፣ የዋድላው 78 ይስጡት እንበል። አማካዩ 77 ነው። 77 ያለው ማነው? ማንም። ከሦስቱ ሊቃውንት አንዳቸውም ያላሰቡት ፍርድ የሦስቱም ፍርድ ሆኖ በአዋጅ ይነገራል። አንዱ መምህር በሌላው መንገድ የማይስማማበት ምክንያት፣ ማለትም ተማሪ ቁጭ ብሎ ሊማረው የሚገባው ነገር ሁሉ፣ በማካፈሉ ውስጥ ቀልጦ ይቀራል። ቅኔው ምሥጢር ባይኖረው እንኳ አማካዩ ምሥጢር አለው።

ለመሆኑ ሰባ ሰባት ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? በእኛ አገር የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፤ 70 ያመጣ ልጅ እልል ይባልለታል። በጌም ዓለም ግን ከአሥር 7 ማግኘት ለቅሶ ቤት ያስቀምጣል። ሜታክሪቲክ ራሱ ፊልም 61 ሲያገኝ አረንጓዴ ይቀባዋል፤ ጌም አረንጓዴውን ለማየት 75 መድረስ አለበት። ያው አንድ መቶ ለፊልም ሠሪው አጭር፣ ለጌም ሠሪው ረጅም ነው ማለት ነው። ከአንድ እስከ አሥር በተዘረጋው መሰላል ላይ ሰው የሚወጣውና የሚወርደው በላይኞቹ ሦስትና አራት እርከኖች ላይ ብቻ ነው፤ የታችኞቹ ለጌጥ ተሠርተዋል። ቁጥር ለሁሉም አንድ ቋንቋ ይናገራል የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው፤ እያንዳንዱ አንባቢ የየራሱን አስተርጓሚ ይዞ ይቅረብ።

«አንባቢው ጊዜ የለውም፤ ገንዘቡንም የት እንደሚያፈስ ቶሎ ማወቅ አለበት» ይባላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ጌም ውድ ነው፣ ሰውም ሥራ አለው። ነገር ግን ገንዘቡን የማይጥል ሰው እንዴት እንደሚገበያይ ለማየት የቢቸናን የጤፍ ገበያ ማሰብ ይበቃል። እዚያ ቁጥር ሞልቷል፤ ቁጥሩ ግን ለብዛቱ ነው፦ ይህን ያህል ኪሎ፣ ይህን ያህል ኩንታል። ለዓይነቱ ቃል አለው፦ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ። ሸማቹ ከመዳፉ አፍስሶ፣ እፍ ብሎ፣ ገለባውን አይቶ ይናገራል እንጂ «ይህ ጤፍ 8.4 ነው» ያለ ሸማች አልተሰማም፤ ቢሰማም ነጋዴው ፀበል ይመክረዋል። ዋጋውስ ቁጥር አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። ነው፤ ግን ዋጋ ሁለት ሰዎች ተከራክረው የሚስማሙበት ነው፤ የሐያሲው ነጥብ ክርክር አይቀበልም። ሰርገኛ ለቤቱ የሚበቃው ሰው ሰርገኛ ይገዛል፤ ማኛ የፈለገውም ማኛውን። ቃሉ ለሁለቱም ጠቀመ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሁለት መስመር ምክንያት ለማንበብ ጊዜ አጥቶ ቁጥር ያየ ሰው የማይወደውን ጌም ሲታገል የሚያጠፋው ጊዜ ይበዛበታል።

ሌላው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል፦ የቅኔ መምህሩስ ቢሆን በራሱ ስሜት የሚፈርድ፣ ያውም ይግባኝ የሌለው ዳኛ አይደለም ወይ? ሰው ነውና ያዳላል፤ ይሳሳታልም። ልዩነቱ ስሕተቱ የሚያዝ መሆኑ ነው። «ሰሙ አልገጠመም» ያለ መምህር ሰሙን ጠቁሟል፤ ጓደኛሞቹ ማታ ጎጆ ውስጥ ተሰብስበው ገጥሟል አልገጠመም ብለው ሊሟገቱበት ይችላሉ። «62» ያለ ሰው ግን ምኑ ይያዛል? ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ፣ ስሙ ራሱ ከዚሁ ትምህርት የተቀዳ ኩባንያ፣ «ኩኩሉ» የሚል የዶሮ ማሳደድ ጨዋታና «ገበታ»ን ለስልክ ሠርቷል። ገበታን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሐያሲ በጽሑፍ ቢያትት አለማወቁ ከሦስተኛው መስመር ሳያልፍ ይጋለጥበታል። ሁለት ኮከብ ሰጥቶ ቢሄድ ግን አለማወቁ ፍርድ መስሎ ይቀመጣል። ቁጥር ለሰነፍ ጥሩ ነጠላ ነው፤ ያለበሰውን ሁሉ ጨዋ ያስመስላል።

ደግሞም ሰው የሚጣላው ከምክንያት ጋር ሳይሆን ከቁጥር ጋር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የጌምስፖት ድረ ገጽ ሐያሲ ጄፍ ገርስትማን ማስታወቂያው ያንኑ ገጽ ላጥለቀለቀው ለ«ኬን ኤንድ ሊንች» ጌም 6.0 ሰጥቶ ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተሰናበተ። ከዓመታት በኋላ ራሱ እንደተናገረው ስንብቱ ከአስተዋዋቂዎች ግፊት ጋር የተያያዘ ነበር። አንድ ሙሉ ጽሑፍ ሙሉ ወቀሳ ቢይዝ ነጋዴ አያነበውም፤ ስድስትን ግን ማንም ያነባል። ስለዚህ ሚዛኖቹን ካወዳደርን፣ እርከናቸው ባነሰ ቁጥር እውነታቸው ይበዛል። ስቲም የተባለው የጌም ሱቅ ተጫዋቹን የሚጠይቀው «ትመክራለህ ወይስ አትመክርም?» ብሎ ነው፤ ይህ ከጉባኤ ቤቱ «ይበል» ብዙም አይርቅም፤ ለካሁ አይልምና። መቶ እርከን ያለው ሚዛን ግን ያልለካውን ለካሁ ይላል፤ በቁጥሩ መሐል ያለችው ነጥብም ውሸቱን የምታስጌጥ ጥልፍ ናት።

ጥልፏ ግን እንጀራ ትቆርሳለች። ኦብሲዲያን የተባለው ድርጅት «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ»ን ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲያወጣ ሜታክሪቲክ ላይ 85 ቢያገኝ ጉርሻ ሊከፈለው ተዋውሎ ነበር። ያገኘው 84 ነው፤ ጉርሻውም ቀረ። በቢቸና ወይም በሞጣ ቅኔው የተመለሰበት ተማሪ ዛሬም ወደ ጫካው የሚመለሰው የትኛው ቃል እንደጎደለው ይዞ ነው፤ እሱን ፈልጎ፣ ገጥሞ፣ ነገ ይነግራል። እነዚያ ጌም ሠሪዎችስ የጎደለችውን አንዷን ነጥብ ከየትኛው ጫካ ይፈልጓት? ከዜማው? ከታሪኩ? ከሐያስያኑ አንዱን ቢጠይቁ «እኔ አልወሰድኳትም» ይላቸዋል፤ እውነቱንም ነው። ጎጃም ውስጥ ቆጠራ የሚሉት የጎደለውን መፈለግ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቆጠራ የሚሉት ጎደለ ብሎ መሄድ ነው።